አንድ ስም፣ ሁለት ቫይረስ፦ «የወፍ በሽታ» በእርግዝና ወቅት

ዓይን ቢጫ ሲሆንና ሽንት ሲጠቁር ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» ይላል። ስያሜው የሌሊት ወፍን ተጠያቂ ከሚያደርግ የቆየ እምነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ምልክቱን ይጠራል እንጂ መንስኤውን አይለይም። ለነፍሰ ጡር ግን መንስኤውን መለየት የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። በዚህ ስም ከሚጠሩት መካከል ሄፓታይተስ ኢ እናቲቱን ሊገድል ይችላል፤ ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ እናቲቱን አልፎ ልጇ ላይ ያርፋል።

ሄፓታይተስ ኢ በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃ ይተላለፋል። ጤናማ ጎልማሳን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቀዋል። በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ግን ጉበት በድንገት ሥራውን ሊያቆም ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ከተያዙት እናቶች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚደርሱት ሊሞቱ እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ፅንሱም ሊጨነግፍ፣ ሞቶ ሊወለድ ወይም ያለ ቀኑ ሊወለድ ይችላል። ይህን አደጋ የሚያስከትሉት በተለይ በእስያና በአፍሪካ ወረርሽኝ የሚያስነሡት ዝርያዎች ናቸው፤ በአውሮፓ ከአሳማ ሥጋ የሚተላለፈው ዝርያ በነፍሰ ጡሮች ላይ እንዲህ አይከፋም። በጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 የተነሣው ወረርሽኝ የንጹሕ ውኃና የመጸዳጃ ቤት እጥረት ያመጣው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ሱዳኗ ቤንቲዩ የበሽታው ክትባት በወረርሽኝ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ነፍሰ ጡሮችም ተከትበዋል።

የሄፓታይተስ ቢ ጠባይ ሌላ ነው። ቫይረሱን ለዓመታት ተሸክማ የኖረች እናት አንዳች ሕመም ላይሰማት ይችላል፤ ዓይኗም ቢጫ አይሆንም። ስለዚህ «የወፍ በሽታ አለብሽ» የሚላት የለም። ሕፃኑን የሚይዘው በዋናነት በምጥና በወሊድ ሰዓት፣ በደምና በፈሳሽ ነው። በጎልማሳነት ከሚያዙት ቫይረሱ ሥር የሚሰድባቸው ከ5 በመቶ በታች ሲሆኑ፣ በወሊድ ከሚያዙት ሕፃናት ግን 90 በመቶ ያህሉ ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል። የጨቅላው የመከላከል አቅም ገና ያልጠና በመሆኑ ቫይረሱን ማስወገድ ይሳነዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ የጉበት ጠባሳና ካንሰር ሊከተል ይችላል። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 ሕፃናትን ገና ሲወለዱ መከተብ ጀመረች፤ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰርም ቀነሰ።

የመጀመሪያው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አገራችን የገባው የሄፓታይተስ ቢን ጨምሮ አምስት ክትባቶችን በአንድ የያዘው መርፌ ግን የሚጀመረው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ያኔ ደግሞ ከእናት የሚመጣው ቫይረስ ቀድሞ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለእኔ ከባዱ ጥያቄ የክትባቱ መገኘት ብቻ ሳይሆን፣ ቤት ውስጥ ወደተወለደው ሕፃን በዕለቱ ማን ይዞት ይደርሳል የሚለው ነው።

የቫይረሱ መጠን ከፍ ያለባት እናት ከመውለዷ በፊት ባሉት ወራት ቴኖፎቪር ብትወስድ የመተላለፍ ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል። መድኃኒቱ ለኤች አይ ቪ ሕክምና ስለሚሰጥ ለጤና ባለሙያዎቻችን እንግዳ አይደለም። «ቫይረሱ አለብሽና አታጥቢ» የሚለው ምክር ግን ስሕተት ነው፤ ጡት ማጥባት አይከለከልም።

በእርግዝና ክትትል ካርድ ላይ «የጉበት በሽታ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። አዋላጆች ሆይ፣ ኢ ይሁን ቢ፣ ፊደሉን ጻፉት።