የአጋማሽ ምዘና፦ ጊዜም ገንዘብም ሳያልቅ

ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና በእርዳታ ገንዘብ የተጀመረ የአምስት ዓመት ፕሮጀክት ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ በጤና ጽሕፈት ቤቶች «ሚድ ተርም ደረሰ» መባል ይጀምራል። ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ደግሞ «የአጋማሽ ዘመን ግምገማ» ነው። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም። ሆኖም «ግምገማ» በመሥሪያ ቤቶቻችን ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሂስና ግለ ሂስ የሚወርድበት፣ ሰው ደረጃ የሚሰጠው ስብሰባ ስም ሆኖ ኖሯል። ገምጋሚ መጣ ሲባል ሠራተኛው መዝገቡን ያስተካክላል፣ ጉድለቱን ይሸፍናል፣ ለጥያቄው አጭር መልስ ያዘጋጃል። በፕሮጀክት አጋማሽ ላይ የሚፈለገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጉድለቱ ቶሎ እንዲታይ ነው። ስለዚህ «የአጋማሽ ምዘና» የሚለውን እመርጣለሁ። ጤና ኬላ ላይ ሕፃን ሚዛን ላይ የሚወጣው ሊወቀስ አይደለም፤ ክብደቱ ካልጨመረ አመጋገቡ እንዲለወጥ ነው። የዚህም ሥራ ጠባይ ይኸው ነው።

የአጋማሽ ምዘና ማለት አንድ ፕሮጀክት ግማሽ ዕድሜውን ሲያገባድድ፣ ሲነሳ ያመነበት ነገር አሁንም እውነት መሆኑን መርምሮ በቀረው ጊዜና ገንዘብ ምን እንደሚለወጥ የሚወስን ጥናት ነው። በየሩብ ዓመቱ ስንት እናት ቅድመ ወሊድ ክትትል እንዳደረገች፣ ስንት ሕፃን እንደተከተበ እየቆጠረ የሚሄደው ክትትል ነው። ኦዲት ገንዘቡ በደንቡ መሠረት መውጣቱን ያያል። የማጠቃለያ ምዘናው ሁሉም ካለቀ በኋላ ስለሚመጣ ትምህርቱ የሚጠቅመው ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ነው። የዛሬዋን ነፍሰ ጡር ሊጠቅም የሚችለው በመካከል የሚደረገው ብቻ ነው።

የምዘናው መጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረጸው በኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የልማት እርዳታ ኮሚቴ መስፈርቶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አምስት ነበሩ፦ አግባብነት፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ዘላቂ ለውጥ እና ቀጣይነት። እ.ኤ.አ. በ2019 ከሌሎች ሥራዎች ጋር መጣጣም ስድስተኛ ሆኖ ተጨመረ። ስድስቱንም እኩል ማየት በወረቀት ላይ ያምራል። እኔ ግን በአጋማሽ ላይ ከሁሉም የሚቀድመው አግባብነት ነው ባይ ነኝ፤ ለዚህም ድሬዳዋን ያህል ጥሩ ምስክር የለም።

በኢትዮጵያ የወባ መከላከል ሥራ ለረጅም ጊዜ የቆመው ወባ በአብዛኛው የገጠር በሽታ ነው፣ ከዝናብ ወቅት በኋላ ይበረታል በሚል ግንዛቤ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ በደቡብ እስያና በዐረብ ልሳነ ምድር የምትታወቅ የወባ ትንኝ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። ይህች ትንኝ ከተማ ትወዳለች። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ሥፍራ የውኃ ጉድጓድ ይበቃታል፤ ዝናብም አትጠብቅም። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ወባ በደረቁ ወራት ጭምር ከቀደሙት ዓመታት በብዙ እጥፍ ጨመረ። የተደረገው ጥናትም ወረርሽኙን ከዚህችው ትንኝ ጋር አያያዘው። ወባ ነፍሰ ጡርን ለደም ማነስ፣ ጽንሱን ለዝቅተኛ የልደት ክብደትና ለሞት ይዳርጋል። አሁን በድሬዳዋ በ2012 ዓ.ም. የተጀመረ አንድ የእናቶች ጤና ፕሮጀክት እናስብ። አጎበሩን ለገጠር ቀበሌዎች መድቦ፣ የከተማዋን እናት ከወባ አንጻር ብዙም ሳያስብ ሥራ ጀምሯል። በ2014 ዓ.ም. ሲመዘን ዕቅዱን መቶ በመቶ ፈጽሞ ሊሆን ይችላል። በከተማዋ ሰፈሮች በከዚራና በመጋላ ያለችው ነፍሰ ጡር ግን ከዕቅዱ ውጪ በሆነ አደጋ ውስጥ ናት። በየሩብ ዓመቱ የሚደረገው ቆጠራ ይህን አያሳይም፤ የሚቆጥረው የታቀደውን ነውና። «ዕቅዱ ራሱ አሁንም ልክ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የአጋማሽ ምዘናው ነው።

ይህ ለድሬዳዋ አንድ ጊዜ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት ከተማዋን መታ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ከ40 ሺህ በላይ ሰው አሳመመ። በእንዲህ ያለ ወቅት የቅድመ ወሊድ ክትትል ቁጥር ቢወርድ፣ የወረደው ፕሮጀክቱ ስለደከመ ነው ወይስ ቤተሰቡ ሁሉ አልጋ ላይ ስለዋለ? መዛኙ የከተማዋን የበሽታ ታሪክ ካላወቀ ጥሩውን ሥራ መጥፎ፣ መጥፎውንም ጥሩ ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ቁጥሩ ራሱ ከየት እንደመጣ መጠየቅም የመዛኙ ድርሻ ነው። «ከሚጠበቁ ወላዶች ይህን ያህል በመቶው ጤና ተቋም ወልደዋል» ሲባል የሚጠበቁት ስንት እንደሆኑ የሚሰላው ከሕዝብ ቁጥር ትንበያ ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ የድሬዳዋ ሕዝብ 341,834 ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በስሌት የተገፋ ነው። በዚያ ላይ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል የምትመጣው ወላድ ሁልጊዜ የድሬዳዋ ነዋሪ አይደለችም። ከምሥራቅ ሐረርጌም ከሶማሌ ክልልም ትመጣለች። ከሩቅ የመጣችው እናት በክፍልፋዩ ከላይ በተገልጋይ ቁጥር ውስጥ ስትገባ፣ ከታች በሚጠበቁት ውስጥ ግን የለችም። ሽፋኑ ያድጋል። ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ እቤቷ የወለደችው ደግሞ በዚያ ባደገ በመቶኛ ሥር ትሰወራለች።

ትልልቆቹን አገራዊ ጥናቶች ስንጠቀምም ጥንቃቄ ያሻል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 67ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ተመዘገበ፤ ለድሬዳዋ የተሰጠው ቁጥር 93 ነው። በሌላ በኩል በጤና ተቋም የመውለድ ልማድ በአገር ደረጃ 26 በመቶ ሲሆን በድሬዳዋ 56 በመቶ ነበር። ላይ ላዩን ላየው እንቆቅልሽ ነው፦ ብዙ እናት ተቋም ትወልዳለች፣ ብዙ ሕፃንም ይሞታል። አንደኛው ምክንያት 67 የሚለው ከጥናቱ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት ሲመለከት፣ የየክልሉ ቁጥር ግን ናሙናው አነስተኛ ስለሆነ የአሥር ዓመት አማካይ መሆኑ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሊቆሙ አይገባም። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረ ፕሮጀክት በዚህ 93 ቢመዘን አብዛኛው ሞት እርሱ ከመምጣቱ በፊት የደረሰ ነው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን የመነሻ ዳሰሳ ይዞ መጀመር ያለበት። መነሻው ያልተለካ ሥራ አጋማሽ ላይ «ለውጥ አለ» ቢል ከምን ተነሥቶ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ከድሬዳዋ ብዙም ያልራቀው የምዕራብ ሐረርጌ ልምድ ሊጠና የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ጤና ኬላ ላይ በፀረ ተሕዋስያን እንዲያክሙ ተፈቀደ። ይህ ትልቅ ውሳኔ ነበር። ውጤቱን ለማወቅ በምዕራብ ሐረርጌና በጅማ ዞኖች በ31 ወረዳዎች፣ ግማሽ ያህሉ ቀድመው ጀምረው ሌሎቹ ለንጽጽር እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ከፕሮጀክቱ ውጭ በሆኑ አጥኚዎች ምዘና ተካሄደ። ሠራተኞቹ የተማሩትን ሕክምና በጥሩ ሁኔታ ይሰጡ ነበር፤ መድኃኒቱም ደርሷል። በሕፃናት ሞት ረገድ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ዋናው ምክንያት የታመሙት ሕፃናት ወደ ጤና ኬላው አለመምጣታቸው ነበር። አብዛኛው ጉልበት አቅርቦቱን ለማሟላት ሲውል ወላጆች ለምን እንደማይመጡ በበቂ አልተጠየቀም። አጥኚዎቹ ይህን ውጤት ደፍረው መጻፋቸውና ማሳተማቸው የሚያስመሰግን ነው። «ሥልጠና ሰጥተናል፣ መድኃኒት አድርሰናል» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበርና።

ስለዚህ የምዘና ቡድኑ ድሬዳዋ ሲደርስ መጀመሪያ ሊፈልግ የሚገባው ያልመጣችውን እናት ነው። ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የተቀመጡትን መጠየቅ ይቀላል፤ እነርሱ ግን መጥተዋል። ያልመጣችው ከፊራ ገበያ አትክልት ዘርግታ ይሆናል። ወይም ልጆቿን የሚጠብቅላት ሰው አጥታ ይሆናል፤ ወይም አምቡላንስ ከማይደርስበት የገጠር ቀበሌ ናት። ጥያቄው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ካልቀረበላት እንግዳ ፊት ይሉኝታ ይዟት «ደኅና ነው» ብላ ትሸኛለች። አፎሻና ዕድሩ፣ የልምድ አዋላጇ፣ አማቷም የዚህ ውይይት ሰዎች ናቸው፤ የት እንደምትወልድ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ እነርሱ ባሉበት ነው።

ማን ይመዝን? በአገራችን አሠራር የግብረ ሰናይ ድርጅት ፕሮጀክት ስምምነት የሚፈረመው ከፋይናንስና ከሚመለከተው የሴክተር ቢሮ ጋር ነው። የአጋማሹን ምዘናም እነዚሁ ቢሮዎች በጋራ ቡድን ያካሂዳሉ። ለጋሹ ደግሞ የራሱን አማካሪ ይቀጥራል። አንዱ ጤና ጣቢያ በአንድ ዓመት ሁለት ቡድን ያስተናግዳል ማለት ነው። በአንድ ቢጋር፣ ማለትም በአንድ የምዘና መመሪያ ሰነድ፣ ተስማምቶ በጋራ መሥራት ቢቻል የአዋላጇም ጊዜ ይተርፋል፤ ሪፖርቱም ሁለት ቦታ አይቀመጥም። ቢጋሩ ላይ ከሁሉ በፊት መስፈር ያለበት ቀኑ ነው። የአራተኛው ዓመት በጀት ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ምክረ ሐሳብ የሚለውጠው ነገር የለም።

ከሪፖርቱ በኋላ የሚከተለው የአመራር ምላሽ ይባላል። ለእያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ ተቀብለናል ወይም አልተቀበልንም፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ የሚፈጽመው እገሌ ነው፣ እስከዚህ ቀን ነው የሚል ሰነድ ነው። በጀቱን ከአንድ መስመር ወደ ሌላ ማዛወር ካስፈለገ የለጋሹ ፈቃድ በዚሁ ይጠየቃል፤ ለገጠር የታሰበው አጎበር ለከተማም እንዲደርስ፣ ወይም ለሥልጠና የተያዘው ገንዘብ ለእናቶች ማቆያ ቤት እንዲውል የሚደረገው እዚህ ላይ ነው። ግኝቱም መረጃውን ለሰጡት ቀበሌዎች በቋንቋቸው መነገር አለበት። በመስክ ሥራው የተናገረችውን በሪፖርቱ ያላገኘች እናት «እንዲህ አላልኩም» ማለት የምትችለው በዚያን ጊዜ ነው። እርማቷም የመጨረሻው ቅጂ ከመታተሙ በፊት ሊገባ ይገባዋል።