የተማሪ ሳምንት፦ 168 ሰዓት የት ይገባል?

«ጊዜ የለኝም» የሚለውን ቃል በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ ተናገራችሁ? በልደታ አካባቢ ወጣቶችን በማገለግልባቸው ዓመታት ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አዘውትሬ የምሰማው ይህንኑ ነው። ጊዜ ግን ለሀብታምም ለድሃም እኩል የተሰጠ ነው፤ ሳምንት ለሁላችንም 168 ሰዓት ነው። ጥያቄው ሰዓቱ የት እንደሚገባ እናውቃለን ወይ የሚለው ነው።

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልናገር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናቸውን የወሰዱት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ነሐሴ እኛ ለአዲስ ዓመት ፕሮግራም መዝሙር እያዘጋጀን በሳምንት አራት ምሽት ልምምድ እናደርግ ነበር። ከመዘምራኑ አንዲት እህት ተፈታኝ ነበረች። እርስዋ ደከመኝ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ውጤቱ ሲመጣ 50 በመቶ አልሞላላትም። ከልምምዱ የተነሳ ነው ለማለት አልችልም፤ በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩና። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ለዚህ ውጤት ከተማሪው አቅም በላይ የሆኑ ብዙ ምክንያቶች አሉ። ነገር ግን የዚያችን እህት ሰዓት ሳልቆጥር እንደ ወሰድኩባት አውቃለሁ። ስለዚህ ከቁጥር እንጀምር።

1. ሰዓታችሁን ቁጠሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የአንድ ተማሪ ሳምንት በአብዛኛው ይህን ይመስላል፦

- እንቅልፍ በቀን 8 ሰዓት፦ 56
- ትምህርት ቤት በቀን 7 ሰዓት፣ 5 ቀን፦ 35
- መንገድ በቀን 2 ሰዓት፣ 5 ቀን፦ 10
- ምግብ፣ ንጽሕናና የቤት ሥራ እገዛ በቀን 3 ሰዓት፦ 21
- የእሑድ አምልኮ፣ የወጣቶች ፕሮግራምና የመዝሙር ልምምድ፦ 10

ድምሩ 132 ሰዓት ነው። ከ168 ሲቀነስ 36 ሰዓት ይተርፋል። ይህም በቀን ከ5 ሰዓት በላይ መሆኑ ነው! የእናንተ ቁጥር ከዚህ ሊለይ ይችላል። በመልሶ ማልማት ምክንያት ቤተሰቦቻቸው ከልደታ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደው፣ እነርሱ ግን አሁንም እዚሁ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ለእነርሱ መንገዱ በቀን 3 ወይም 4 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ውሃ የምትቀዳ፣ ምግብ የምታበስልና ታናናሾቿን የምትጠብቅ ልጅም 3 ሰዓት አይበቃትም። ስለዚህ ግምት ሳይሆን እውነቱን ጻፉ። ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ቀኑን ምን ላይ እንዳዋላችሁት መዝግቡ። ብዙዎች ከዚህ በኋላ የሚያገኙት ነገር የጠፋው ሰዓት በስልክ ውስጥ እንዳለ ነው።

2. ሳምንቱን ቀድማችሁ አቅዱ

ከሚተርፈው 36 ሰዓት ውስጥ 18ቱን ለጥናት መድቡ። ቀሪው ለዕረፍት፣ ለጓደኛና ለድንገተኛ ነገር ይሁን። መብራት ይጠፋል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ለቅሶ ይኖራል። ክፍተት የሌለው ዕቅድ በመጀመሪያው እንግዳ ይፈርሳል፤ ተማሪውም «እኔ ዕቅድ አይሆንልኝም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ ግን የተማሪው ሳይሆን የዕቅዱ ነው።

በአዲስ አበባ የቀኑ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ይህ ለተማሪ ትልቅ ጥቅም ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ መጻፍና ማንበብ ለሚጠይቀው ብታውሉት መብራት ቢጠፋም ሥራችሁ አይቋረጥም። የሚከብዳችሁን ትምህርት አእምሮአችሁ ንቁ በሆነበት ሰዓት አስቀድሙ፤ የሚቀላችሁን ለድካም ሰዓት አቆዩት።

3. ከፈተናው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኝ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጠብቁታል። ለመከለስ የቀሩአችሁ ምዕራፎች 60 ናቸው፣ እስከ ፈተናው ደግሞ 20 ሳምንት አለ እንበል። የመጨረሻዎቹን 5 ሳምንታት ለአጠቃላይ ክለሳና ለቆዩ ፈተናዎች አስቀሩ። በቀሩት 15 ሳምንታት 60 ምዕራፍ ማለት በሳምንት 4 ምዕራፍ ነው። «ፊዚክስ ብዙ ነው» የሚለው ፍርሃት «በዚህ ሳምንት 4 ምዕራፍ» ወደሚል ሥራ ሲለወጥ ሸክሙ ይቀልላል።

4. ከፋፍላችሁ አጥኑ፣ ራሳችሁንም ጠይቁ

ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የተማርነውን ነገር አብዛኛውን የምንረሳው ከተማርን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ አንድን ምዕራፍ በአንድ ሌሊት 6 ሰዓት ከማንበብ በዚያው ቀን፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ አጠር አጠር አድርጎ መመለስ ይሻላል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው የሮዲገርና የካርፒክ ጥናት ደግሞ ጽሑፉን ደግመው ካነበቡት ይልቅ ዘግተው ለማስታወስ የሞከሩት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ እንዳስታወሱ አመልክቷል። ደብተራችሁን ዝጉና «ምን ተማርኩ?» ብላችሁ በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ለመጀመር የሚከብዳችሁ ከሆነ 25 ደቂቃ ብቻ አጥኑና 5 ደቂቃ ዕረፉ። ይህን ዘዴ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የጀመረው ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ ያኔ ራሱ ተማሪ ነበር። በእነዚያ 25 ደቂቃዎች ስልኩ ኪስ ውስጥ አይሁን፤ ለእናታችሁ ስጡት ወይም ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

5. እንቅልፍን አትስረቁ

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለባቸው ገልጿል። ሌሊቱን ሙሉ ያጠና ተማሪ የሚያኮራ ይመስለናል። ነገር ግን እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ያነበበውን አይዝም፤ በነጋታውም ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ስለዚህ በቁጥራችን ላይ 56ቱ ሰዓት ከሁሉ ፊት የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

6. ለወላጆችና ለአገልጋዮች

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን «አጥና!» ከማለት በፊት የሳምንቱን ሰዓት አብራችሁት ቁጠሩ። የቤት ሥራው በሴት ልጃችሁ ላይ ብቻ ወድቆ እንደሆነም ተመልከቱ። ወንድሟ እቃ ቢያጥብ ለእርስዋ በሳምንት ጥቂት ሰዓታት ያተርፍላታል።

እኛም አገልጋዮች ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ስለ ጊዜ አጠቃቀም የጻፈውን (ኤፌ. 5፥15-16) ለወጣቶች ስንሰብክ ለራሳችንም እንስማ። ተማሪ ማጥናቱ ከአገልግሎት መሸሹ አይደለም። በእኛ ዘንድ ዛሬ የመዝሙር ልምምድ ሲወሰን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ተፈታኝ ማን ነው?» የሚል ነው። ተፈታኞች ፈተናው ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ከልምምድ ነጻ ይሆናሉ፤ ማንም በመንፈሳዊነታቸው ላይ ቃል አይናገርም።

ያቺ እህት ቆይታ በሪሚዲያል ትምህርት አልፋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ለዕረፍት ስትመጣ ይቅርታ ጠየቅኋት። እርስዋም ፈገግ ብላ «ፓስተር፣ እኔም እኮ አልተናገርኩም» አለችኝ። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ጊዜያችሁን ቁጠሩ፣ ሲሞላባችሁም በግልጽ ተናገሩ። እኛ ታላላቆች ደግሞ ሳይነግሩን እንጠይቅ። ዛሬ ማታ ወረቀቱን አውጡና 168 ብላችሁ ጀምሩ። ጌታ ይርዳችሁ።