የይፋት ቤት በምን ይሠራ? ከጭቃ እስከ እንጉዳይ ጡብ

በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ላይ የይፋት ምድር ተንቀጠቀጠ። ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ሰውን ይበልጥ የሚገድለው በላዩ የሚናደው ግድግዳና ጣሪያ ነው። ስለዚህ «ቤት በምን ይሠራ?» የሚለው ጥያቄ ለይፋት ሰው ቅንጦት አይደለም።

መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች በድንጋይ ተገነቡ፤ የኖራና የአስባሪ ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። ገበሬው ደግሞ እንጨት አቁሞ፣ ጭቃን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቶ ግድግዳውን መረገ። ኋላ ቆርቆሮ መጣ፤ ቀጥሎ ብሎኬት። ቆርቆሮው ዝናብን ቢመልስም የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ግን ቤት ውስጥ ያስገባዋል።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ኪነ ሕንጻ፣ ሕንጻ ግንባታና ከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከዙሪኩ ኢቲኤች ጋር ሆኖ ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ሠራ። አፈር ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ይበጠሳል፤ ስለዚህ ፎቁን የተሸከመው የጡብ ቅስት ነበር። በዚያን ጊዜ የኢንስቲትዩቱ የሳይንስ ዳይሬክተር ጀርመናዊው አርክቴክት ዲርክ ሄብል ነበር።

ይኸው ሰው በ2017 እ.ኤ.አ. ከፊሊፕ ብሎክ ጋር ሴኡል ላይ ማይኮትሪ የተባለ ዛፍ መሰል መዋቅር አቆመ። የተሠራው ከእንጉዳይ ጡብና ከቀርከሃ ነው። አሠራሩ ብዙም አይከብድም፦ የተከተፈ የሰብል ተረፈ ምርት በሙቀት ይጸዳል፤ የእንጉዳይ ዘር ይቀላቀልበታል፤ በቅርጽ ማውጫ ይጠቀጠቃል። በቀናት ውስጥ የእንጉዳዩ ክሮች ሁሉን አጣብቀው ይይዙታል። ከዚያ ደርቆ እድገቱ ይቆማል። ይህ ጡብ ከአፈር ጡብም ይደክማል፤ መዋቅሩን ያቆመው እንደ አዲስ አበባው ቤት ቅርጹ ነው።

ይፋት የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድ አላት። እርግጥ ሁለቱም መኖ ናቸው፤ አገዳው ማገዶም ነው። «ቆሻሻ ነው» ብሎ የሚነሳ የገበሬውን ሒሳብ ይስታል። እርጥበትና ምስጥ ባለበት ቆላ ሳይፈተንም ለምሰሶ አይታመንም። ለኮርኒስ ግን ይሆናል፦ ሙቀት ይከላከላል፤ ቀላል ስለሆነም ቢወድቅ እንደ ብሎኬት አይጎዳም። ናይሮቢ ላይ ማይኮታይል የተባለ ድርጅት በዚሁ ዘዴ የኮርኒስና የግድግዳ ሰሌዳ ይሠራል።

ለመጀመር ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም። አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ እንጉዳይ የሚያመርቱ ወጣቶችና አንድ ክረምት የሚፈተን ኮርኒስ ይበቃሉ። ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ከሴኡል ይልቅ እጅግ ቅርብ ናት።