የገደል ማሚቶ በሣጥን፦ ስለ ሲንተሳይዘርና ስለ ረዳቶቹ

የሙዚቃ መሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ጣት የሚያርፍበት ዕቃ ነው። የሲንተሳይዘር ታሪክም ከዚህ አልወጣም። ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1964 በቮልቴጅ የሚታዘዙ የድምፅ ክፍሎችን ሠራ፤ ከዚያ ይኼኛው ሞዴል መጣ፣ ያኛው ተተካ እየተባለ የኪቦርድ ዝርዝር ይደረደራል። ነገር ግን በሸክላ የተቀረጹት ድምፆች ከኪቦርዱ ወጥተው በቀጥታ ጆሯችን የገቡ አይደሉም። በመካከል ሌሎች ሣጥኖች ነበሩ። እነዚህ ሣጥኖች ጌጥ ሳይሆኑ የመሣሪያው ግማሽ አካል ነበሩ የሚል ነው ክርክሬ።

ለመሆኑ ሲንተሳይዘር ምን ጎድሎት ነው ረዳት የሚሻው? ማሲንቆን እንመልከት። ጭራው ሲታሽ የሚወጣው ድምፅ ቆዳ በተለበጠው ሣጥን ውስጥ ዞሮ፣ የቤቱን ግድግዳ ነክቶ ነው ሰሚው ዘንድ የሚደርሰው። ሣጥኑን ካነሳችሁበት የሚቀረው ሲጥ ሲጥ ብቻ ነው። አናሎግ ሲንተሳይዘር ደግሞ እንዲህ ያለ ሆድ የለውም። ኦሲሌተሩ ሞገዱን ያመነጫል፣ ፊልተሩ ይሞርደዋል፣ ከዚያ በሽቦ ይወጣል፤ አለቀ። እንጨት የለ፣ አየር የለ፣ ግድግዳ የለ። ስለዚህ ሆዱንም ግድግዳውንም ከውጪ መቀጠል የግድ ሆነ።

ግድግዳው አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ኢ.ኤም.ቲ. የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው መሣሪያ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ስስ የብረት ሉህ የተወጠረበት ነው። ድምፁ ሉሁን ያንቀጠቅጠዋል፣ እንቅጥቅጡ ተመልሶ ይቀዳል፤ ሰሚው አዳራሽ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ክብደቱ ግን ወደ 270 ኪሎ ስለነበር ደኅና ስቱዲዮ ካልሆነ የሚያስገባው አልነበረም።

የገደል ማሚቶውን ያመጣው ቴፕ ነው። ቴፑ በሰከንድ 19 ሳንቲ ሜትር ቢሮጥና በመቅጃውና በማሰሚያው ራስ መካከል 3.8 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፣ ድምፁ 0.2 ሰከንድ ዘግይቶ ይመለሳል። የተመለሰውን እንደገና ወደ መቅጃው ብትልኩት ይደጋገማል፤ በተደጋገመ ቁጥርም እየደበዘዘ፣ ልክ እንደሚርቅ ሰው ድምፅ ይሆናል። ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው ስፔስ ኤኮ አር.ኢ.-201 ይህንኑ ሥራ ሰው ተሸክሞ ሊሄድ በሚችል ሣጥን ውስጥ አስገባው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የዴቪድ ኮክሬል ጉዳይ ነው። ይህ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለንደን በሚገኘው ኢ.ኤም.ኤስ. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣውን የቪ.ሲ.ኤስ.3 ሲንተሳይዘር የኤሌክትሮኒክስ ክፍል የነደፈ ሰው ነው። ያ ሲንተሳይዘር የውጭ ድምፅ መቀበያ ስለነበረው፣ ብራያን ኢኖ በሮክሲ ሙዚክ ባንድ ውስጥ የጓደኞቹን ድምፅ በዚያ እያስገባ ያጣምም ነበር፤ ማለትም ሲንተሳይዘሩ ራሱ ረዳት ሣጥን ሆነ። ኮክሬል ቆይቶ የኒው ዮርኩን ኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ ተቀላቀለና ስሞል ስቶን የተባለውን ፌዘር ነደፈ። ይህ በእግር የሚረገጥ ትንሽ የጊታር ዕቃ ነው። ድምፁን ለሁለት ይከፍላል፣ አንዱን እያዛነፈ ከሌላው ያቀላቅላል፤ ሲገናኙ አንዳንዱ ሞገድ ይጠፋፋል፣ የሚጠፋፋበትም ቦታ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታል። ጆሮ ይህን እንደ ነፋስ ይሰማዋል።

ዣን-ሚሼል ዣር እ.ኤ.አ. በ1976 ኦክሲዤን የተባለውን አልበም ፓሪስ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ በ8 ትራክ ሲቀርጽ፣ ኤሚነንት 310 የተባለውን የሆላንድ ኦርጋን በዚህ ፌዘር ውስጥ አሳለፈው። ኦርጋኑ እኮ ለየሰው ሳሎን የተሠራ ነው! ዓለም «የጠፈር ድምፅ» ያለው የሳሎን ኦርጋንና የጊታረኛ መርገጫ ጋብቻ ነው ማለት ነው።

ሌላው ምሳሌ ቫንጌሊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለወጣው ብሌድ ራነር ፊልም ለንደን በሚገኘው ስቱዲዮው ያማሃ ሲ.ኤስ.-80ን ሲጫወት፣ ድምፁን እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ሌክሲኮን 224 ዲጂታል ሪቨርብ ያሳልፍ ነበር። ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ዜማው የሚዘገየው አስተጋቢው እስኪሞት ነው። ሣጥኑ የዜማውን አካሄድ ጭምር ወስኗል።

በዚያው በ1982 ሮላንድ ጁኖ-60ን ሲያወጣ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ኦሲሌተር ብቻ ሰጥቶ፣ የጎደለውን ውፍረት እዚያው ውስጥ በተገጠመ ኮረስ ሞላው። ውጪ የነበረው ረዳት ወደ ቤት ገባ፤ የታሪክ ፍርድ እዚህ ላይ ይታያል።

እርግጥ ነው፣ «ኤኮ ባዶ ዜማን ይሸፍናል» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ግን ዜማ የሌለውን ሙሉ ኦርኬስትራም አያድነውም። ይልቅ ለኛ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን በኮምፒውተር የእነዚያኑ ሣጥኖች ቅጂ በነፃ እያገኘን፣ ውድ ኪቦርድ የለንም እያልን እናዝናለን። ታሪኩ የሚለው ግን ድምፅን የሠራው የዕቃው ዋጋ ሳይሆን ምኑን ከምኑ ጋር ላጋባ ብሎ የጠየቀ ጆሮ ነው። ያ ጆሮ ደግሞ በገንዘብ አይገዛም፤ በልምምድ ነው የሚሠራው።