የዋልያስ የሙዚቃ ጓድ አመሠራረትና የአባሎቹ መለያየት

የሰሜንን ተራሮች ዞሮ የሚያልፈው የተከዜ ወንዝ ወደ ምዕራብ ወርዶ ሱዳን ከገባ በኋላ ከአትባራ ጋራ ይገናኛል። በነዚሁ ተራሮች ላይ ብቻ የሚኖረው ዋልያ በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከተነሡት የአዲስ አበባ የሙዚቃ ጓዶች ለአንደኛው መጠሪያ ሆኗል። ውሃው ድንበር እንደሚሻገር ሁሉ ዜማም ይሻገራል። የኢትዮጵያ ደጋ ሰውና የሱዳን ሰው ዜማቸው በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የኢትዮጵያ ዘፈን ከመተማ ማዶ በጋላባትና በገዳሪፍ መንገድ አልፎ እስከ ካርቱም ድረስ ብዙ ወዳጅ አለው። ዋልያስ የተባለው ጓድ እንዴት እንደ ተቋቋመና አባሎቹ እንዴት እንደ ተለያዩ መመርመር፥ አንድ የጋራ ሥራ በምን እንደሚጸናና በምን እንደሚፈታ ያስረዳል።

በኢትዮጵያ ዘመናዊው ሙዚቃ የተስፋፋው በመምህራን ድካም ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ያገኟቸው አርባ ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋራ አዲስ አበባ ገብተው የነሐስ መሣሪያን ሙዚቃ አሰሙ። በኋላም የመምህሩ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ። የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎችም ለብዙ ወጣቶች እንደ ትምህርት ቤት ሆነው አገለገሉ። የዋልያስ መሪ የሆኑት አቶ ኃይሉ መርጊያ ሸዋ ውስጥ ተወልደው በልጅነታቸው አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ አኮርዲዮን መጫወት የለመዱትና ከጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል የገቡት ገና በአፍላነታቸው ነበር።

የመንግሥት ሙዚቀኛ ደመወዝተኛ ነው፤ መሣሪያውም የመሥሪያ ቤቱ ነው። ቀጥሎ የመጡት የምሽት ክበቦች ለሙዚቀኛው ሌላ እንጀራ ከፈቱለት፤ ነገር ግን በነዚህም ዘንድ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የክበቡ ባለቤት ንብረት ስለ ነበረ፥ ከባለቤቱ ጋራ ያልተስማማ ሰው ባዶ እጁን ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በቬኑስ ክበብ ይጫወቱ የነበሩ ባልደረቦች ከዚህ ችግር ለመውጣት ተስማምተው በራሳቸው ስም ቆሙ፤ መሣሪያም ገዙ። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ የገዛ መሣሪያው በእጁ ያለ ሰው ስለ ዋጋውና ስለ ሥራው የመነጋገር ሥልጣን አለው። ጓዱም በ1969 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ውል ይዞ ለብዙ ዓመታት ተጫወተ።

በዚህ ጊዜ አቶ ኃይሉ ኦርጋን፥ አቶ ግርማ በየነ ፒያኖ፥ አቶ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፥ አቶ መላከ ገብሬ ቤዝ ጊታር፥ አቶ ማሕሙድ አማን ጊታር፥ አቶ ተማረ ሐረጉ ከበሮ ይጫወቱ ነበር። በሆቴሉ ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ስለሚበዛ የሮክ፥ የሶልና የጃዝ ስልት ማወቅ ግድ ሆነባቸው፤ እነርሱም ያን ስልት ከአገራቸው ቅኝት ጋራ አዋሐዱት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ የከተማውን ሌሊት አጠበበው። እንዲያም ሆኖ ጓዱ በ1977 እ.ኤ.አ. «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጣ፤ አቶ ሙላቱ አስታጥቄም በእንግድነት ተሳተፉበት። የአቶ ግርማ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በዚሁ ሸክላ ላይ ነው።

በ1981 እ.ኤ.አ. ጓዱ ሙዚቃውን ለማሰማት ወደ አሜሪካ ሄደ። ያ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል በእግራቸው ወደ ገዳሪፍ የተሰደዱበት ዘመን ነው። ሙዚቀኞቹ የተጓዙት በአውሮፕላን ቢሆንም የቀረበላቸው ጥያቄ ከእግረኛው ጥያቄ የተለየ አልነበረም። አቶ ኃይሉ፥ አቶ ግርማ፥ አቶ ሞገስና አቶ መላከ በዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የቀረውም የተመለሰውም በየበኩሉ ምክንያት ነበረው፤ በማናቸውም ላይ መፍረድ አይገባም። ይሁን እንጂ በብዙ ዓመት ልምምድ የተገኘው ስምምነት በአንድ ጉዞ ተፈታ።

በአሜሪካ የቀሩት «ዙላ» የሚባል ሌላ ጓድ አቋቁመው ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. አቶ ኃይሉ በአኮርዲዮናቸው፥ በኤሌክትሪክ ፒያኖና ከበሮ በሚመታ መኪና አንድ ካሴት ብቻቸውን ሠሩ። ቀድሞ የብዙ ሰው የነበረውን ሥራ አንድ ሰው ሲሸከመው ይታያል። ከዚያም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ መንገደኛ በሚጠብቁበት ሰዓትም ከመኪናው ውስጥ የሙዚቃ ልምምዳቸውን አላቋረጡም። ያ ካሴት በባሕር ዳር በአንድ ባዕድ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ፤ አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሰው በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራ አወጡ። አቶ ግርማም ከረጅም ዝምታ በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. ከአንድ የፈረንሳይ ጓድ ጋራ አዲስ ሸክላ አሳትመዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ ስም በስምምነት ይወጣል፤ አብሮ መሥራት ግን በየዕለቱ የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ፥ ሰዎቹ ሲበተኑ ስሙን ይዞ መቅረት አይበቃም። የማይበተነው በልጅነት የተማሩት ነገር ነው። አቶ ኃይሉ በአፍላነታቸው የለመዱት አኮርዲዮን ጓዳቸው በፈረሰ ጊዜ አልከዳቸውም። ትምህርት ቤትም መምህራኑ ይለወጣሉ፥ ተማሪዎቹም ያልፋሉ፤ ሥራው የሚመዘነው ደቀ መዝሙሩ ከባልደረቦቹ ተለይቶ ብቻውን በቀረ ቀን በእጁ በሚገኘው ነው።