የእርጉዝ ውሻ ፍርድ

ባለቤት የሌላት እርጉዝ ውሻ የደረሰችለት የእንስሳት መጠለያ ከሦስት ነገር አንዱን ይመርጣል። ወይ ጽንሱ ሳይገፋ ማህፀኗን አውጥቶ ያመክናታል፤ ወይ እስክትወልድ ጠብቆ፣ ቡችሎቹ ጡት ሲተዉ ወሳጅ ፈልጎላቸው፣ እሷን ከዚያ በኋላ ያመክናታል፤ ወይ ደግሞ ከትቦ ወደመጣችበት ይመልሳታል። ክርክሩ ለብዙ ሰው የባዕድ ቅንጦት ይመስለዋል። ከጣርማ በር በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ እስከ ሸዋ ሮቢት የተዘረጋው የይፋት አገር ታሪክ ሲታይ ግን ጥያቄው መጠለያ ከሚባለው ነገር በብዙ ይቀድማል። ውሻ ያለው ቤት ሁሉ ሲፈርድበት ኖሯል። የሚፈርደው ግን ቡችሎቹ ከተወለዱ በኋላ ነበር፤ ይህ መዘግየት ለውሻዋም፣ ለሰውም፣ ለዱር አውሬውም ከሁሉ የከፋው ምርጫ ሆኖ ቆይቷል ብዬ እከራከራለሁ።

ውሻ በዚህ አገር የተያዘው ለሥራ ነው። በደጋው ጠርዝ በግ ከጅብ፣ በቆላው የማሽላ ማሳ ከዝንጀሮና ከከርከሮ ይጠብቃል፤ ሲመሽ የግቢው ዘበኛ እሱ ነው። የይፋት ክርስቲያንና ሙስሊም የውሻ ቦታ ደጅ እንደሆነ ይስማማሉ። በአብዛኞቹ የእስልምና ሊቃውንት ዘንድ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ቢሆንም ለከብት፣ ለአዝመራና ለአደን ውሻ መያዝ ተፈቅዷል፤ ክርስቲያኑም ውሻ ቤተ መቅደስ እንዳይደርስ ይጠብቃል እንጂ ግቢውን ያለ ውሻ አያሳድርም። ለሥራ የሚፈለገው ደግሞ ወንዱ ነው። ሴቷ ወቅቷ ሲደርስ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ደጅ ታመጣለች፤ ስታረግዝና ስታጠባ ከጥበቃ ትጎድላለች፤ ፈላጊ የላትም። ስለዚህ ውሻ ስትወልድ ወንድ ወንዱ ለጎረቤትና ለዘመድ ይታደላል፣ ሴት ሴቷ ገደል ሥር ወይም ወንዝ ዳር ትጣላለች። የሚገርመው፣ ይኸው ገበሬ ጠቦት ኮላሽቶ ሙክት ማድረግን፣ ወይፈን ቀጥቅጦ የእርሻ በሬ ማድረግን ከአባቶቹ ወርሷል። መራባትን አስቀድሞ መግታት ለሸዋ ባለ ከብት እንግዳ ጥበብ አይደለም። ይህ ጥበብ ውሻ ላይ ያልዋለው ሙክት ስለሚሸጥ፣ በሬ ስለሚያርስ፣ የመከነች ውሻ ግን ለባለቤቷ ሳንቲም ስለማታስገባ ነው። የሴት ማህፀን ማውጣትም ሆድ ከፍቶ የሚሠራ፣ ማደንዘዣና የሰለጠነ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

የተጣለችውን ቡችላ ዕጣ የለወጠው መንገዱ ነው። ቀድሞ ከደጋው ወደ ቆላ የሚወርደው ነጋዴ ብዙውን ጊዜ በአንኮበርና በአልዩ አምባ በኩል በቅሎና አህያ እየነዳ ያልፍ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የጣርማ በር ተራራ ተሰርስሮ የመኪና መንገድ ወደ ደሴ ሲወጣ ከሥሩ ያሉት ከተሞች የመንገደኛ ማረፊያና መመገቢያ ሆኑ። ሆቴል፣ ሥጋ ቤትና የገበያ ትራፊ ባለበት፣ ገደል ሥር ይሞቱ ከነበሩት ቡችሎች አንዳንዷ ራሷ ለመውለድ የሚያበቃ ዕድሜ ታገኛለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከተጣለች ቡችላ ያደገችውን ውሻ የኔ ናት የሚል አይገኝም። የባለቤትነት ሕግ ባለቤት በሌለበት አይሠራም።

ባለቤት ሲጠፋ መንግሥት መጣ፤ የመጣውም በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ነው። በ1895 ዓ.ም. ክረምት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ላይ ትልቅ የውሻ እብደት ወረርሽኝ መነሣቱ ተመዝግቧል። ሕዝቡ የሚያውቀው መድኃኒት የእንዶድ ሥርና የብሳና ቅጠል፣ ጸበልና የደብተራ እጅ ነበር። የዘመናዊው ሕክምና ድርሻ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት የቆየው ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውና ለተከታታይ ቀናት የሚወጋው የፌርሚ ክትባት ነው። ለውሻው የተሰጠው መልስ ግን መርዝ ሆነ፤ በስትሪክኒን የተለወሰ ሥጋ ማታ ይበተናል፣ ጠዋት ሬሳ ይለቀማል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የቤት አልባ እንስሳት ጥበቃ ማኅበር ይህን አሠራር ተቃውሞ ማምከንና መከተብ ይሻላል ብሎ ተነሣ። መርዝ ርካሽና ፈጣን ነው የሚለው መከራከሪያ ዛሬም ይሰማል። መልሱ ከተማው ራሱ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን ተመርዞ ውሻው አልጎደለም። መርዝ የተከተበውንም ያልተከተበውንም እኩል ይገድላል፣ ትራፊው ግን ባለበት ስለሚቀር የሚቀጥለው ትውልድ ያንኑ ይዞ ያድጋል። መርዝ ከመውለድ በኋላ የሚመጣ፣ ሁልጊዜም የሚቀደም ፍርድ ነው።

ከጣርማ በር በላይ ያለው ደጋ ደግሞ ሌላ ምስክር አለው። እዚያው የተራራ ሰንሰለት ላይ፣ መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ይገኛል፤ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሣሩን እየዘጋና እየከፈተ የጠበቀው፣ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከተናጋ በኋላም በማኅበረሰቡ እጅ ዳግም የቆመ ጥብቅ ቦታ ነው። ጓሳ በዓለም ላይ አዋቂዎቹ ከ500 የማይበልጡት የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። የቤት ውሻ ለዚህ እንስሳ ምን እንደሚያመጣ ባሌ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ደግሞም በ2003 እና 2004 ከውሻ የተሻገረ እብደት የቀበሮ መንጋዎችን ጠራርጓል፤ በሁለተኛው ጊዜ ከባሌው ዌብ ሸለቆ ቀበሮዎች ከሦስት ሁለት እጅ በላይ አልቀዋል። ወንድ ውሾች ከሴት ቀበሮዎች ጋር ተገናኝተው ድቅል መወለዱም በዘር ምርመራ ተረጋግጧል። ገበሬው የሚመርጠው ወንድ ቡችላ ማንም ካላስቆጠራት እናት የተወለደ ነው፤ ያልተከተበና ያልታሰረ ሲሆን አደጋው ቀበሮዎቹ ወዳሉበት ደጋ ይወጣል።

ሳትወልድ በማምከን ላይ ከሚነሣው ሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሃይማኖትና የርኅራኄ ነው፦ ያልተወለደን ለምን እንገድላለን? ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ የሚንቀውም ሰው የአገሩን ሕሊና አያውቅም። ነገር ግን የተወለደው ምን ይገጥመዋል ብሎ መጠየቅም ግዴታ ነው። በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ተመራማሪዎች 364 የጎዳና ቡችሎችን ተከታትለው ለመውለድ ዕድሜ የደረሱት 19 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አግኝተዋል፤ ለሞቱ ዋናው ምክንያት ደግሞ ሰው ነበር። የእኛ የተጣሉ ሴት ቡችሎች ከዚህ የተሻለ ይገጥማቸዋል የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። በረሃብ፣ በጅብና በመኪና ከሚፈጸመው ግድያ ይልቅ በማደንዘዣ ሥር ጽንስን ማቋረጥ ያነሰ ጭካኔ ነው።

ይህ ማለት ግን ያረገዘች ሁሉ ትቀደድ ማለት አይደለም። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀዶ ጥገናው ከተለመደው ብዙ አይለይም፣ ወደ መጨረሻው ግን የማህፀን የደም ሥሮች ይወፍራሉ፣ የመድማት አደጋው ያድጋል። ንጹሕ ክፍል፣ አስተማማኝ ማደንዘዣና ልምድ ያለው ሐኪም በሌለበት ክሊኒክ የገፋ እርግዝና ላይ ቢላ ማንሣት ለመጠለያው መዝገብ ካልሆነ ለውሻዋ አይበጅም። እዚያ ትውለድ፤ ቡችሎቹ ጡት ሲተዉ ትምከን። ውሳኔውን የሚወስነው የእርግዝናው ዕድሜና የክሊኒኩ አቅም ነው፤ ወሳጅ ሳይገኝ በርኅራኄ ብቻ ማስወለድ ጥንታዊውን መጣል ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከጤና ባለሙያ ይመጣል፦ እብደትን የሚያቆመው ክትባት ነው፣ ማምከኑ ገንዘብ ማባከን ነው። ግማሹ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከውሾች 70 በመቶውን መከተብ ነው፣ በብዛታቸው መቀነስ ብቻ በሽታው አይቆምም። ነገር ግን ውሻ በቶሎ በሚሞትበትና በቶሎ በሚተካበት ከተማ ዘንድሮ የተደረሰበት 70 በመቶ ለከርሞ ያልተከተቡ ቡችሎች ሲጨመሩበት ይወርዳል። ማምከን የክትባቱን ዕድሜ ያስረዝማል። በዘመቻ ጊዜም ብዙ ቦታ የሚሠራው ስህተት እርጉዟንና ቡችላውን ከሰልፍ መመለስ ነው፤ በመርፌ የሚሰጠው የእብደት ክትባት በአብዛኛው ሕያው ቫይረስ ስለሌለበት ለሁለቱም ይሰጣል። የጣርማ በርና የሸዋ ሮቢት አካባቢ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች የማምከን አቅም እስኪያገኙ ድረስ ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚችሉት ይህን ነው፦ በሚቀጥለው የክትባት ቀን ያረገዘችውን ውሻ አትመልሷት።