ኮረብታን የሚያሻግር ድምፅ፦ “ሪፒተር” በአማርኛ “አሻጋሪ ጣቢያ”

ቢዮ አዋሌ፣ ዋሂል፣ ጀልዴሳና አሰሊሶ የድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተሮች ናቸው። የአስተዳደሩ ግዛት ጠባብ ነው፤ መሬቱ ግን 1,000 ሜትር ከማይሞላው ቆላ ተነሥቶ 2,000 ሜትር ወደሚያልፈው የደጋ ጫፍ ይወጣል። እንዲህ ባለ አገር የእጅ ሬዲዮ ይዞ የሚነጋገር ሰው ከርቀቱ ይልቅ የሚቸገረው በኮረብታው ነው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ቅርብ ሆነው ሳለ ጋራ በመካከላቸው ከገባ አይሰማሙም።

ምክንያቱ ከሞገዱ ጠባይ ይመነጫል። አማተሮች፣ ማለትም ፈቃድ አውጥተው ያለ ክፍያ ሬዲዮ የሚሠሩ ሰዎች፣ በእጅ ሬዲዮ በብዛት የሚነጋገሩት ከ144 እስከ 146 እና ከ430 እስከ 440 ሜጋኸርዝ ባሉት ሞገዶች ነው። እነዚህ ሞገዶች እንደ ብርሃን ቀጥ ብለው የመሄድ ጠባይ አላቸው። ሞገዱ ምን ያህል እንደሚደርስ በግምት ማስላት ይቻላል፦ የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዶ ካሬ ሩቱን በ4.12 ማባዛት ነው፤ የሚገኘው ቁጥር ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሬዲዮውን በ1.5 ሜትር ከፍታ የያዘ ሰው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ያገኛል፤ ያም ሜዳ ላይ ሲሆን ነው። አንቴናው ከከተማው 800 ሜትር ከፍ ብሎ ጫፍ ላይ ቢቆም ግን ስሌቱ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰጣል። የሐረርን መንገድ ይዞ ደንገጎን የወጣ ሰው ወደ ኋላው ዞር ብሎ ድሬዳዋን ሲያያት ነገሩ ያለ ስሌት ይገባዋል።

ጫፍ ላይ የሚቆመው ጣቢያ በእንግሊዝኛ “ሪፒተር” ይባላል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ፣ በበለጠ ጉልበት፣ መልሶ ያሰራጫል። በ144 ሜጋኸርዝ ሞገድ በመስሚያውና በማሰራጫው መካከል የተለመደው ልዩነት 600 ኪሎኸርዝ ነው። ይህ ጠባብ ልዩነት መሣሪያውን የሚፈትነው ነው፤ ማሰራጫው አጠገቡ ያለውን መስሚያ በገዛ ጩኸቱ ሊያደነቁረው ይችላል። ስለዚህ “ዱፕሌክሰር” የሚባሉ፣ በልካቸው የተቃኙ የብረት ሲሊንደሮች በመካከል ገብተው ሁለቱን ይለያሉ። ጣቢያ ለማቆም ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘቡን ለዚህ ዕቃና ለአንቴናው ያውል፤ ውድ ሬዲዮ ገዝቶ ዱፕሌክሰሩን በርካሽ ማለፍ ጣቢያውን ደንቆሮ ያደርገዋል።

ስሙን በአማርኛ ምን እንበለው? በቀጥታ ሲፈታ “ደጋሚ” ይሆናል፤ ነገር ግን ደጋሚ ሲባል ጆሯችን የሚሰማው ዳዊት ደጋሚን፣ ድግምተኛን ወይም ክፍል የደገመ ተማሪን ነው። “አስተላላፊ”ም ለማንኛውም ማሰራጫ ተይዟል። እኔ የምመርጠው “አሻጋሪ ጣቢያ” የሚለውን ነው። ወንዝ ሲሞላ መንገደኛውን ከዳር ወደ ዳር የሚያደርስ ሰው አሻጋሪ ይባላል፤ ይህም ጣቢያ ከወዲህኛው ሸለቆ የተነሣውን ድምፅ ተቀብሎ ከወዲያኛው ያደርሰዋል። ከአንድ በላይ ሲሆኑና ሲያያዙ “የአሻጋሪዎች መረብ” እንላለን።

ዲጂታል ሞባይል ሬዲዮ በዚህ ላይ የመጣ የአሠራር ደንብ ነው። የአውሮፓ የቴሌኮም ደረጃዎች ተቋም በ2005 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲያወጣው ያሰበው ለጥበቃ፣ ለፋብሪካና ለትራንስፖርት ሠራተኞች ነበር፤ አማተሮች ተከትለው ወሰዱት። በአማርኛ “ዲጂታል ተንቀሳቃሽ ሬዲዮ” ማለት ይበቃዋል። ዋናው ጥበቡ 12.5 ኪሎኸርዝ ስፋት ያለውን አንድ ቻናል በጊዜ ለሁለት መክፈሉ ነው። እያንዳንዱ “የጊዜ ተራ” 30 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል፤ አንደኛው ተራ ሲያበቃ ሁለተኛው ይገባል፣ እንደገና አንደኛው። በሴኮንድ ከ16 ዙር በላይ ስለሚፈራረቁ ሁለት የተለያዩ ንግግሮች በአንድ አሻጋሪ ላይ ሳይቋረጡ ይሄዳሉ። የእጅ ሬዲዮው በሌላው ተራ ስለማያሰራጭ ባትሪውም ይቆጥባል፤ መብራት በማይደርስበት መንደር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሌሎቹ ቃላት ከዚህ ይከተላሉ። “የቀለም ኮድ” ከ0 እስከ 15 ያለ ቁጥር ነው፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉ ጎረቤት አሻጋሪዎች እንዳይደበላለቁ ይለያቸዋል። “የንግግር ቡድን” ደግሞ ሬዲዮው ማንን እንደሚሰማ የሚወስን ቁጥር ነው። ተጠቃሚው የራሱ ባለ 7 አሐዝ መለያ ይኖረዋል፤ በልማዱ የሚጀምረው በአገሩ የሞባይል ኮድ ነው፤ የኢትዮጵያው 636 ነው፣ በሲም ካርዶቻችን ውስጥ ያለው ያው ቁጥር።

ዲጂታል ሁሉ ይበልጣል ብዬ ግን አልመክርም። በአናሎግ ሬዲዮ ምልክቱ ሲደክም ድምፁ በሹክሹክታና በጩኸት መካከል እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የለመደ ጆሮ ያን ጊዜም ቃሉን ይለቅማል። ዲጂታሉ እስከ ዳርቻው ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማና ድንገት ይቆራረጣል። ሸለቆ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ልዩነት ከባድ ነው፤ ስለዚህ በቢዮ አዋሌ ኮረብቶች ዓይነት ቦታ አንቴና ከመትከል በፊት በካርታ ላይ የከፍታውን መስመር ሠርቶ የትኛው ሸለቆ ጥላ ውስጥ እንደሚቀር ማየት ያስፈልጋል። ለቀረው ሁለተኛ አሻጋሪ ይታሰብለታል።

መረቡ የሚያያዝበት መንገድ ላይ ልቆይ። ብዙ አማተር አሻጋሪዎች ዛሬ “ብራንድማይስተር” በሚባለው ዓለም አቀፍ መረብ በኢንተርኔት ይገናኛሉ፤ 91 ቁጥር የዓለም ሁሉ የንግግር ቡድን ነው። ይህ ደስ ያሰኛል፤ በዋሽንግተን ያለ ኢትዮጵያዊ አማተር ከአገር ቤት ካለ ወዳጁ ጋር በኪስ ሬዲዮ ሊጨዋወት ይችላል። ነገር ግን በችግር ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው ኢንተርኔቱ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ዝናቡ የወረደው ከከተማው በላይ ባለው ደጋ ነበር፤ ውኃው የደረሰው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ከላይ ያለ ሰው ለታች የሚናገርበት፣ በማንም ኬብል ላይ ያልተንጠለጠለ መንገድ ቢኖር ምን ያህል ሰው በተረፈ ብዬ ሳስብ፣ አሻጋሪዎቹ እርስ በርሳቸው በሬዲዮ እንዲያያዙና በፀሐይ ኃይል በሚሞላ ባትሪ እንዲሠሩ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ከሁለቱ የጊዜ ተራዎች አንዱ ለአካባቢው ብቻ ይሁን፤ የዓለም ወሬ በሌላው ይሂድ።

ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብም አገሮች አማተሮች ለአደጋ ጊዜ እንዲዘጋጁ እንዲፈቅዱላቸው ያበረታታል። በአገሮች መካከል የሚደረግ የአማተር ንግግር ትርጉሙን ለመሰወር በምስጢር ኮድ መደረግ እንደሌለበትም ይደነግጋል፤ መሣሪያው ምስጢራዊ ንግግር ቢችልም አማተር ያን ቁልፍ አይነካም።

በአገራችን የአማተር ሬዲዮ ስም በዓለም የሚታወቀው በተለይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ባለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው፤ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ነው። ተማሪዎች እዚያ ቁልፍ ተጭነው ከሩቅ አገር ሰው ጋር የመጀመሪያውን ሰላምታ ተለዋውጠዋል። ያ ሥራ በረጅም ርቀት ሞገድ የሚሠራ ነው፤ አሻጋሪ ጣቢያ ደግሞ ለቅርቡ፣ ለጎረቤቱ ሸለቆ ነው። ስለ ሞገድ ፈቃድ የሚጠየቀው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት በሕግ ያስጠይቃል። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን የሚሞክር ወጣት መጀመሪያ ፈቃዱን ይያዝ፣ ቀጥሎ አንድ ቀላል አናሎግ አሻጋሪ ያቁምና ከቢዮ አዋሌ እስከ ከተማው የት የት እንደሚሰማ ሬዲዮ ይዞ በእግሩ እየሄደ ይመዝግብ፤ ዲጂታሉ በዚያ መዝገብ ላይ ይጨመራል።